ሞተሮቹ አብረው ዝም ያሉ ጊዜ

ጥር 13፣ ረቡዕ። ሐይቅ፣ ከቀኑ 5፡00

አሁንም እምቢ አለ። ቁልፉን አይቀበልም። ቁልፍ ስልህ የበር አይደለም ደብተሬ፤ የፊደልና የቁጥር ዝርግፍ ነው። ስትገለብጥ አንዷን ፊደል ከዘለልክ አለቀልህ። ዘልያለሁ። ዐይኔን ግንባር ያድርገው።

9፡00

ገባ! ኤጀንቱ የሲም መቆጣጠሪያው ገጽ ውስጥ ገባ። መስመሮቹን እያነበበ ይነግረኛል፤ የቱ ዛሬ ሠራ፣ የቱ ተኛ። ሐይቁ ዙሪያና በውጫሌ መንገድ ድርጅታችን የተከላቸው የሶላር ሞተሮች በሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ሲም ካርድ አለ። ገበሬው ከቤቱ ቁጭ ብሎ «አብራ» ብሎ ይልካል፣ ሞተሩ ውሃ ይስባል። «አጥፋ» ይላል፣ ያርፋል። ሲሙ ከታገደ ግን ሞተሩ ደንቆሮ ነው፤ ቢለምኑት አይሰማም። ይህን ሁሉ መስመር እስካሁን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ከዛሬ ጀምሮ ማሽን ይጠብቅልኛል። በዜና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል። እኔ ኤጀንት እለዋለሁ፣ ያጥራል።

ፈቃዱን እንዲህ ሰጠሁት። መስመር ማየት ይችላል። ለገበሬ መልእክት ይመልሳል። ሥራ የፈታ መስመር ካገኘ «ይታገድ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ «አጽድቅ» ካልኩ ያግዳል። የታገደን መክፈት ግን በእኔ እጅ ብቻ። አ.አ. ያለችው ሥራ አስኪያጃችን ሜሮን ናት እንዲህ ይሁን ያለችው። ዝም ያለ መስመር ወጪ ነው፣ ትላለች ሁሌ።

ትልቁን ልንገርህ። ቁጥሬን ለሱ ሰጠሁት። ያቺን አገር የሚያውቃትን፣ በየሞተሩ ሳጥን ላይ በቀለም የተጻፈችውን። እሷ ላይ የሚጻፍ ሁሉ ወደሱ ይሄዳል፤ በኔ ስም ይመልሳል። ሰው ከደወለ «እባክዎ በጽሑፍ ይላኩልኝ» ይላል። ለራሴ አዲስ ሲም አወጣሁ። ቁጥሩን የሚያውቁት ሜሮንና ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ያለችው እናቴ ብቻ ናቸው። ተገላገልኩ። አንዱ እኮ ሌሊት የደወለልኝ ሞተሩ ያስነጥሳል ብሎ ነው።

ጥር 14፣ ሐሙስ። ማታ

የምን ጸጥታ ነው ይሄ! ምሳዬን ሳይቋረጥ በላሁ። ዓሣው ሳይቀዘቅዝ።

ከሰዓት በኋላ ኤጀንቱን አነጋገር አስተማርኩት። ያለፉትን ዓመታት መልእክቶቼን በሙሉ አጎረስኩት። አሁን ቁርጥ እኔን ነው። «አብሽር አያ፣ እናየዋለን» ይላል። ለሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ»፣ ለክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን»። የወሎ ልጅ ሆነልህ በአንድ ቀን። እናቴ ብታነበው አትለየውም።

ሞተር የማይነሳባቸውን ቀናትም ነገርኩት፤ በዓሉ ብልሽት መስሎት እንዳይደነብር። ሰንበት። የጥምቀት ሰሞን። የእስጢፋኖስ ንግሥ። መውሊድ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት። ሁለቱም ዒዶች። ሁሉንም አስገባሁ፣ ምንም አልቀረኝ።

አያ ሰይድ ዛሬም ደውሏል፤ ዝርዝሩ ላይ አየሁት። አያ ሰይድን ታውቀዋለህ፤ የመንደራችን የቅሬ ዳኛ፣ የእድር መሪ እንደማለት፣ አጥሩ ከሟቹ አባቴ ቤት ጋር የተጋጠመው። ስለ ሞተር ደውሎ አያውቅም። እንዴት አደርክ ለማለት ብቻ ነው በየቀኑ የሚደውለው። ኤጀንቱ በጽሑፍ ይላኩልኝ አለው። ሽማግሌው የማይጽፍ! ልጁን ሰዓዳን አስጽፎ ላከ፦ «እንዴት አደርክ የአባተ ልጅ።» ኤጀንቱም «አልሐምዱሊላህ አያ ሰይድ፣ እርስዎስ?» ብሎ መለሰ። ሳቄ መጣ። ብቻዬን ሳቅሁ።

(«እርስዎ» ማለቱን ላርመው። አያ ሰይድን አንተ ነው የምለው።)

ጥር 17፣ እሑድ

ሐይቁ ዳር ዋልኩ። ሥራ የለም። ትናንት ከተማ ውስጥ ከመንደራችን አንድ ሰው አላየሁም። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልንገርህ። መንገድ ላይ አቁሞ ስለ ሳጥን ቁልፍ የሚጨቀጭቀኝ አልነበረም። የሁሉም ሳጥን ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ራሳቸው ከፍተው በእጅ ሲያበሩ ሽቦ እያቃጠሉ ስላስቸገሩኝ ሁሉንም ቆለፍኩት።

ጥር 18፣ ሰኞ። 10፡00

ማሳያው ዛሬ ነበር። ሜሮን አለቆቿን ሰብስባለች፤ ስክሪኔን በኢንተርኔት ያያሉ። ኤጀንቱ ሥራ የፈቱ መስመሮችን ዝርዝር አወጣ፣ ከጎኑ ማስታወሻ ጻፈ፣ ጠየቀኝ። ሰዎች እያዩኝ ማንበብ ጀመርኩ፣ ሜሮን ቀጥል ቀጥል አለችኝ። «ሁሉንም አጽድቅ» የሚለውን ነካሁ። ጭብጨባ! ለመጀመሪያ ጊዜ ከአ.አ. ጭብጨባ ሰማሁ። ነገ ደሴ ሄጄ ለሌሎቹ ባለሙያዎች እንዳሠለጥን ታዘዝኩ። ሆቴል በድርጅቱ።

ጥር 20፣ ረቡዕ። ደሴ

ሥልጠናው አማረ። «መምህር» አሉኝ። እራት ተጋበዝን፣ አዝማሪው አምባሰልን ሲያወርደው የአገሬ ዜማ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። አንዱ ሠልጣኝ ገበሬው አምርሮ ቢያለቅስስ ማን ይሰማል ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ይሰማል፣ ከእኛ በላይ ይሰማል፣ አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እኔም።

ላፕቶፑን ሁለቱንም ቀን አልከፈትኩትም።

ጥር 21፣ ሐሙስ። ሐይቅ፣ ጠዋት

ተመለስኩ። ላፕቶፑን ከፈትኩ። የድረስልን ጥያቄ ተቆልሏል፣ ሁሉም ከመንደራችን። «ሞተሩ አይሰማም።» «ችግኙ ጠወለገ፣ እባክህ።» ኤጀንቱ ለሁሉም አብሽሩ ብሎ ጥያቄያቸውን የኔን ፈቃድ በሚጠብቀው ሣጥን ውስጥ ደርድሮታል። ከማክሰኞ ጀምሮ። ምን ሆነው ነው? መሣሪያ ሳጥኔን ይዤ ልሂድ። ባጃጅ ጠርቻለሁ።

እዚያው ቀን፣ ማታ

አልችልም። ግን ልጻፈው።

ባጃጁ መንገዱ ጫፍ ላይ ጣለኝ። ቁልቁል ስወርድ ሴቶቹ ከሐይቁ በጀሪካን ውሃ ተሸክመው ሽቅብ ይወጣሉ። በወገባቸው፣ በጀርባቸው፣ አዝለው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም። ማን ሞተ? አልኩ በልቤ። መጠየቅ አፈርኩ። የራሴ መንደር እኮ ነው።

አያ ሰይድ ደጃፍ ድንኳን የነበረበት ቦታ ገለባው ተነጥፎ ቀርቷል። ቄስ አያሌው፣ የመንደሩ ቄስና የቅሬው ምክትል ዳኛ፣ ግንዱ ላይ ተቀምጠዋል። መጣህ? ደግ አደረግህ፣ አሉ። ከዚያ እማ ዘሀራ ወጣች። የአያ ሰይድ ሚስት። አንገቴን አቅፋ «አባትህ ሰይድ ሄደ እኮ ልጄ» አለችኝ።

ደነገጥኩ አልልህም። ከመደንገጥ በፊት ሌላ ነገር መጣ። ማወቅ ነበረብኝ። የማላውቅ መምሰል አልችልም፤ ቅዳሜ ሞቶ፣ ቅዳሜውን ተቀብሮ፣ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጠውለት፣ የአባቴ ቤት ደግሞ ከአጥሩ ማዶ። ስለዚህ እንደሚያውቅ ሰው አንገቴን ደፋሁ። አላህ ያጥናሽ እማ፣ አልኩ። ሰዓዳ ከጀርባዋ ቆማለች፣ ዐይኗ አብጧል።

ቄስ አያሌው ደግሞ አከሉበት፦ «ቃልህ ደርሶናል የአባተ ልጅ። ድንኳኑ ውስጥ ተነበበ። ሼኹም እኔም ነን ያለቀስነው። ሥራ ይዞህ ለቀብር ባትደርስ እንኳ ያን የመሰለ ቃል...»

የምን ቃል? አልጠየቅኩም። ራሴን ነቀነቅሁ። ደብተሬ፣ ራሴን ነቀነቅሁ!

ከቁልቋሉ ጀርባ ዞሬ በስልኬ መቆጣጠሪያውን ከፈትኩ። የመንደራችን መስመሮች በሙሉ ታግደዋል። ያገድኳቸው እኔ ነኝ፣ ሰኞ፣ በጭብጨባ። ከፈትኳቸው። ሞተሮቹ አጉረመረሙ፣ ውሃው መጣ። ሰው ከየቤቱ ወጣ። እጅህ ይባረክ አሉኝ። ምን ነክቶት ነው ሲሉኝ ኔትወርክ ነው አልኩ። በዚህ አገር ይህን የሚጠራጠር የለም።

የብዙዎቹ የሽንኩርት ችግኝ ከግማሹ በላይ ይተርፋል። እማ ዘሀራ መደቧ ከሐይቁ ሩቁ ነው፣ ላይኛው። ውሃ በጀሪካን እዚያ ድረስ አይዘልቅም። የሷ ችግኝ መሬት ላይ ተኝቷል። ስነካው እንደ ገለባ ተሰበረ።

ቁልፉን ለምን አልሰበራችሁትም አልኳት። ቄስ ድንጋይ አንስተው ነበር አለች። እሷ ናት አይሆንም ያለችው፣ የልጁን ሥራ አታበላሹበት ብላ።

ጥር 22፣ ዓርብ። 4፡00

ሁሉንም አነበብኩት። ባላነበው ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ በማለዳ ቄስ አያሌው ደውለዋል። መርዶ ሊነግሩኝ። «እባክዎ በጽሑፍ ይላኩልኝ» ተባሉ። ደግመው ደወሉ። «እባክዎ በጽሑፍ ይላኩልኝ።» ከዚያ ሰዓዳ ጻፈች፦ «አባቴ ሞተ። ላንተም አባት ነበር። ቀብሩ ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው።»

መልሱ ይሄውልህ፦

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሰዓዳ እህቴ አብሽሪ። አያ ሰይድ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የሁላችን አባት ነው። የተጣላን ሲያስታርቅ፣ የሞተን ሲቀብር ኖሮ ዛሬ እሱ ለኛ አደራ ሆነ። እማ ዘሀራን በኔ ቦታ አቅፈሽ ሳሚልኝ። አላህ በጀነት ያኑረው።»

በሥሩ ለኔ፦ «ከሞተር ጋር ያልተያያዘ መልእክት። መልስ ተሰጥቷል። ተዘግቷል።»

ተዘግቷል።

ቃሉ ያምራል እኮ። የሚያናድደኝ እሱ ነው። የኔ ቃል ነው፣ ከኔ መልእክቶች የለቀመው። በየለቅሶው የላክሁትን ቆርጦ ቀጥሎ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ አሳምሬ አልጽፍም።

6፡00

ሌላም አለ። ሰኞ ያላነበብኩት ማስታወሻ፦ «ከአንድ መንደር ያሉ ሞተሮች በሙሉ ከቅዳሜ ጀምሮ አብረው ዝም ብለዋል። ብልሽት አይመስልም። በሰጡኝ የበዓላት ዝርዝር ውስጥ ምክንያቱን አላገኘሁም። የሚያውቁት ነገር ካለ ከመታገዳቸው በፊት ይንገሩኝ።»

ጠይቆኛል። ማሽኑ ጠይቆኛል ደብተሬ። ጥፋቱን እሱ ላይ እንዳልደፈድፍ እንኳ በር ዘጋብኝ። መልእክት የሚመልሰውና መስመር የሚጠብቀው ሁለቱ ሥራ እንዳይገናኙ ያደረግሁት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል ብዬ። በአንዱ ጆሮው መርዶ ሰምቷል፣ በሌላው ዝምታውን አይቷል። ሁለቱን አጋጥሞ የሚገባው የዚያ መንደር ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ሁሉንም አጽድቅ ሲል ነበር።

ሞተር የማይነሳበትን ቀን ሁሉ አስተማርኩት ብዬ ስኩራራ! በዓልን ነገርኩት። ሞትን ረሳሁ። ሞት በቀን መቁጠሪያ የለማ።

እንዴት ረሳሁ? ሞተሮቹ የመጡ ሰሞን ቅሬው ተሰብስቦ ነበር። ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ እስላም ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀባበርበት። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ሰው ሲሞት ሦስት ቀን መሬት አይነካም፣ በሬ ይፈታል። ጎረምሶቹ ሞተር ግን ሥራ አይደለም አሉ፤ ስልክ መንካት ነው፣ ማን ደከመ? እኔም እነሱን ደገፍኩ። አያ ሰይድ ቢላዋ በመሰለ ድምፁ «በሬ የሚፈታው በሬው አዝኖ ነው እንዴ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሞተርም እንደ በሬ ይፈታል ተባለ። በራሱ ሕግ፣ ለራሱ ሞት፣ ፈቱለት። ችግኛቸው እየጠማው ሦስት ቀን ጠበቁለት። በአራተኛው ጠዋት ውሃ ሊያጠጡ ሲነሱ እኔ ዘግቼዋለሁ።

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኔ ደሴ ነበርኩ፣ አምባሰል እያስዘፈንኩ።

ጥር 24፣ እሑድ

ቄስ አያሌው ከቅዳሴ በኋላ ከተማ መጡ፣ ሊያገኙኝ። ዓርብ ለአያ ሰይድ ሰደቃ ይደረጋል። ቅሬው የወሰነውን ነገሩኝ፦ ከልጆቹ ወገን ንግግር እኔ እንዳደርግ። ያንን ቃል በአፌ እንድደግመው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሰምተው የማይጠግቡት ነው አሉ። አንድ ነጭ ጺም ሽማግሌ የልጅ ልጁን በስልኩ አስጽፎ አስቀምጦታል አሉኝ።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? አፌ ከኔ ቀድሞ እሺ አለ።

መንገድ ላይ ሰው ሲያገኘኝ እጄን ይዞ ይቆያል። ቢረግሙኝ እወዳለሁ። ቅሬው ከሱ ጋር እሳት አትጫጫሩ ብሎ ቢያገለኝ እወዳለሁ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ይህ ይገባዋል፤ አባቴ ሲነግረኝ ያደግሁት ነገር ነው። እኔ ግን እየተመረቅሁ ነው። ምርቃቱ ያቃጥለኛል።

እንቅልፍ የለም።

ጥር 25፣ ሰኞ

ወሰንኩ። ነገ ለእማ ዘሀራ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ለሷ፣ ከዚያ ለቅሬው፣ በሰው ፊት። ይውጣልኝ። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ። ማታ

ችግኝ ይዤ ሄድኩ። ከውጫሌ መንገድ ገበሬዎች የለመንኩት የሽንኩርት ችግኝ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ። እማ ዘሀራ ላይኛው መደብ ላይ ነበረች፣ የሞተውን እየነቀለች። ብቻዋን። ጎኗ ተቀመጥኩና መንቀል ጀመርኩ። እማ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው አልኩ። ስለ ኤጀንት እንዴት ይነገራል? መልእክቱን ስል ቀድማኝ ተናገረች።

«እሱን ተወው። አንተ እንዳልሆንክ ያን ቀን አውቄያለሁ።»

መንቀሌን አቆምኩ።

«ሰዓዳ ልካ ስልኩን ሳታስቀምጥ ነው መልሱ የመጣ። አባትህ የሞተ ጊዜ ረሳኸው? ሦስት ቀን አንዲት ቃል ከአፍህ አልወጣም። ሰይድ ነው በማንኪያ ውሃ የሰጠህ። ለሱ ጊዜ ያ ሁሉ ቃል ከየት መጣልህ? መርዶ የሰማ ሰው እኮ ልጄ እንዲያ አይሞላለትም።»

ታዲያ ለምን አስነበብሽው አልኳት።

ድንኳኑ ውስጥ ስሜ ተነስቶ ነበር አለች። የአባተ ልጅ የት አለ ተባለ። ቅሬው ሊማከርብኝ ነበር፣ ጎረምሶቹ ከሁሉም ብሰው። እሷ ሰዓዳን ጠርታ ልጁ ልኳል፣ አንብቢላቸው አለች። ሰዓዳ ታውቃለች ወይ አልኩ። ታውቃለች። አንብባ ነው ያለቀሰችው፤ ለቃሉ ሳይሆን ለኔ።

ለቅሬው እነግራለሁ አልኳት። ያን ጊዜ ነው የተቆጣችው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጣቷን ዘርግታ፦ «ወላሂ አትነግርም! አንተ ሊቀልህ እኔን በሰይድ ለቅሶ ላይ ዋሸች ታሰኘኛለህ? ያዘው። የያዝከውን ያዘው።»

ከዚያ ችግኙን ከጆንያው አውጥታ አየችው። ደህና ነው አለች፣ ሥሩ አልደረቀም። አብረን ተከልን። ሞተሩን ራሷ አበራች።

ለመናዘዝ ነበር የሄድኩት። ይዤው ተመለስኩ።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ለንግግሩ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ደግሞ ጻፍኩ። የጻፍኩት ሁሉ የሱን ይመስላል። የኔን አነጋገር ወስዶብኛል። ወይስ ድሮም ሰው ሲሞትበት የምጽፈው እንዲሁ በዘፈቀደ ነበር? አብሽሩ፣ አብሽሩ፣ እየተባለ። ይሄን ማሰብ አልፈለግሁም።

ኤጀንቱን ጻፍልኝ ልለው እጄ ሄዶ ነበር። ነገርኩህ እንጂ ለማንም አትንገር።

ጥር 29፣ ዓርብ። ማታ

ሰው ሞልቷል። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ሁለት መነኮሳት በእግራቸው መጥተዋል፤ አያ ሰይድ በየዓመቱ ንግሥ ላይ እንጨት ይፈልጥላቸው ነበር። ሼኹ ዱዓ አደረጉ፣ አሚን ተባለ። ከዚያ ቄስ አያሌው ስሜን ጠሩ።

ተነሳሁ። ያንን ቃል እየጠበቁ ነው። ሽማግሌው ስልኩን በእጁ ይዞታል። እማ ዘሀራ በሴቶቹ መሐል ናት፣ አታየኝም።

«አያ ሰይድ የአባቴን መቃብር ቆፍሯል» አልኩ። «የሱን ስትቆፍሩ እኔ አልነበርኩም።»

ሌላ አልመጣልኝም። እንባው መጣ፣ ዘግይቶ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን። ተቀመጥኩ።

ማንም አላጨበጨበም። ማንም አብሽር አላለኝም። ሽማግሌው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከጎረምሶቹ አንዱ፣ ሊማከሩብኝ ከነበሩት፣ ጆጉንና ሳፋውን አንስቶ መጣ። ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ተነስና አስታጥብ አለ።

ማስታጠብ የትናንሾቹ ሥራ ነው። ሠላሳን ያለፈ ሰው አይሠራውም። ተነሳሁ። ከሼኹ ጀምሬ፣ ቄሱን፣ መነኮሳቱን፣ ሽማግሌዎቹን ሁሉ አስታጠብኩ። እያንዳንዱ እጁን ዘርግቶልኝ ዐይኔን አየኝ። ማን ምን እንደሚያውቅ አላውቅም። ወደ ሴቶቹ ዞርኩ፣ የእማ ዘሀራ ተራ ደረሰ። እጇን ታጥባ ስትጨርስ በእርጥብ ጣቷ እጄን ጫን አደረገችው። ያን ያህል ብቻ።

የካቲት 1፣ እሑድ

ላፕቶፑ ላይ ዋልኩ። ለሜሮን ጻፍኩላት። ሁሉንም ሳይሆን የሚነገረውን። ኤጀንቱ መስመሮቹን ይጠብቅ፣ በዚህ ከኔ ይሻላል፣ አይደክመውም። ሰው ግን አይመልስም። ቁጥሬን ወሰድኩ። እያንዳንዱን ማስታወሻ ሳላነብ ማጽደቅ እንዳልችል «ሁሉንም አጽድቅ» የሚለውን አጠፋሁት።

ሜሮን ደወለች። ቁጥሩን መመለስ ወደ ኋላ መሄድ ነው አለች። ለቅሶንም በቀን መቁጠሪያው ላይ ብታስገባው ይበቃል አለች። በየትኛው ቀን ላስገባው አልኳት። እሺ፣ አንተ ታውቃለህ፣ አለች።

ለኤጀንቱ አንድ ሕግ ጨመርኩለት፦ የአንድ መንደር ሞተሮች አብረው ዝም ካሉ አታግድ። አትጻፍላቸው። ለኔ ንገረኝ፣ እኔ እሄዳለሁ።

የሳጥኖቹን ቁልፎች ነገ ለየባለቤቶቹ አድላለሁ። ሽቦ ቢያቃጥሉ ያቃጥሉ።

የድሮውን ሲም ስልኬ ውስጥ አስገባሁት። አያ ሰይድ የደወለበት አሁንም ተመዝግቧል። የመጨረሻው ሐሙስ ነው። እንዴት አደርክ ለማለት።

የካቲት 2፣ ሰኞ። ከንጋቱ 11፡00

ስልኩ ቀሰቀሰኝ። የድሮው ቁጥር ነው። ከመንደሩ፣ የማላውቀው ስልክ። አንዴ ጠርቶ ቆመ፣ አሁን ደግሞ ጀመረ። በዚህ ሰዓት ወይ ሞተር አስነጥሷል፣ ወይ ሰው ሞቷል።

ጫማዬን አድርጌያለሁ። ላንሳው